ለመኖር የሚጠበቅ ፈቃድ፦ የእንሽላሊት ዕንቍላሎች በሆርሞን ትእዛዝ እንዴት ይሞታሉ?

ሴት ልጅ ከእናቷ ማኅፀን ስትወጣ በሁለቱ የዕንቍላል ዕጢዎቿ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ ጥቃቅን የዕንቍላል ከረጢቶችን ይዛ ትወለዳለች፤ አቅመ ሔዋን ስትደርስ ከእነዚህ የሚቀሩላት ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህሉ ሲሆኑ፥ በመውለጃ ዘመኗ ሁሉ በስለው ከዕጢው የሚወጡት ግን 400 ያህል ብቻ ናቸው። የልደት መነሻ ብለን የምናከብረው ይህ ትንሽ ብልት፥ ቍጥሩን ላስተዋለ ሰው፥ ከሚያወጣው ይልቅ የሚቀብረው ከሺህ እጥፍ በላይ የሚበልጥ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ተፈጥሮ ለምን ይህን ያህል ታባክናለች ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱን ለመፈለግ ግን የሰው አካል የሚመች አይደለም፤ አብዛኞቹ ከረጢቶች በዓይን አይታዩም፥ ጤነኛ ሰውም ለምርመራ ሲባል ሆዱ አይከፈትም። ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ በግድግዳና በድንጋይ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ወደምትውል ወደ አንዲት ታናሽ ፍጥረት፥ ወደ እንሽላሊት ዘወር ብለው ነበርና፥ በእርሷ ያገኙት ነገር የከረጢቶቹ ሞት በመልእክትና በትእዛዝ የሚፈጸም ሥርዓት መሆኑን የሚያስረዳ ሆነ።

እንሽላሊት ለዚህ ጥናት የምትመችበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። ሴት ልጅ በልደቷ የያዘችውን ከረጢት እያጐደለች ትኖራለች እንጂ ስታድግ የሚጨመርላት የለም፤ በእንሽላሊት ዕጢ ውስጥ ግን የዘር መደብ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ስፍራ አለ፥ በዚያም እናቲቱ ከጐለመሰች በኋላ እንኳ አዳዲስ የዘር ሕዋሳት እየተከፈሉ ይበዛሉ። ከዚህ ብዛት መካከል ወደ ዕድገት የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ የገቡትም አስኳል ሲሞሉ ቢጫ ሆነው ስለሚያብጡ ያለ አጉሊ መነጽር ሊቈጠሩ ይችላሉ። ከዚህም በላይ፥ በእኛ አካል በአእምሮ ሥር ካለው ከፒቱታሪ ዕጢ የሚወጡ ሁለት ሆርሞኖች ተከፋፍለው የሚሠሩትን፥ ማለትም ከረጢቱን የማሳደግንና ዕንቍላሉን የማስወጣትን ሥራ፥ በእንሽላሊት ዘንድ አንዱ ብቻ፥ ኤፍ.ኤስ.ኤች. የሚባለው፥ ሁለቱንም ሊፈጽም እንደሚችል በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ፖል ሊክት በብዙ ሙከራ አሳይቷል። ተናጋሪው አንድ ሲሆን ንግግሩን ለይቶ መስማት ይቀላል።

ከረጢቱ፥ በሳይንስ ስሙ ፎሊክል፥ አንዲት የዕንቍላል ሕዋስ በመካከል ተቀምጣ ሌሎች ሕዋሳት ዙሪያዋን ከብበዋት የሚገኙበት ማደሪያ ነው። በጣልያን አገር በየቅጥሩና በየፍርስራሹ ላይ የምትሮጠውን፥ ፖዳርቺስ ሲኩላ የምትባለውን እንሽላሊት ለብዙ ዓመታት የመረመሩት የኔፕልስ ሊቃውንት፥ ዙሪያውን የከበቡት ሕዋሳት ሦስት ዓይነት መሆናቸውን ለይተው አውቀዋል፤ አንደኞቹ ትናንሾች፥ ሁለተኞቹ መካከለኞች፥ ሦስተኞቹም አንገታቸው ቀጭን ሆዳቸው ሰፊ የሆነ ታላላቆች ናቸው። እነዚህ ታላላቆቹ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ዘርግተው በጠባብ መተላለፊያ ከዕንቍላሏ ሕዋስ ጋር ተጋጥመው ይኖራሉ፤ መጋጠም ስልም መነካካትን ማለቴ አይደለም፤ የሁለቱ ሽፋን ተከፍቶ የአንዱ የውስጥ ፈሳሽ ወደ ሌላው የሚፈስበት እውነተኛ መተላለፊያ ነው። በዚህም መተላለፊያ እንደ ሞግዚት የሚያገለግሉት እነዚህ ታላላቅ ሕዋሳት የሠሩትን አርኤንኤና ፕሮቲን፥ ሌላውንም የሕዋስ ሀብት ሁሉ፥ ለዕንቍላሏ ያቀብላሉ።

ከረጢቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ደርሶ አስኳል መቀበል የሚጀምርበት ጊዜ ሲቃረብ፥ እነዚህ ታላላቅ ሞግዚቶችና መካከለኞቹ ጓደኞቻቸው በአንድነት ይሞታሉ፤ በዙሪያውም የሚቀረው አንድ ረድፍ የትናንሾቹ ሕዋሳት ሽፋን ብቻ ነው። ኪያራ ሞታ፥ ሲልቫና ፊሎሳና ፒዬሮ አንድሬውቼቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ይህ ሞት አፖፕቶሲስ የተባለው ሥርዓት ያለው የሕዋስ ሞት መሆኑን አስረዱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከዚያው ከኔፕልስ የወጣ ሌላ ጥናት፥ የሞቱት ሞግዚቶች ዲኤንኤ እንኳ ተቈራርጦ ከንቱ እንደማይቀርና ከረጢቱ መልሶ እንደሚጠቀምበት ገለጠ። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ግኝት ነው፤ በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የኀይል ማመንጫዎች በኩል የሚመጣው የሞት መንገድ ተዘግቶ ይገኛል፤ አጥኚዎቹም ይህ መዘጋት ለሞግዚትነት ሥራቸው የተሰጠ መከላከያ እንደሆነ አስረድተዋል። ያለጊዜው እንዳይሞት የተጠበቀ ሕዋስ፥ ጊዜው በደረሰ ሰዓት ያለውን ሁሉ አስረክቦ ይሞታል።

እዚህ ላይ ስለ ሕዋስ ሞት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሕዋስ በሁለት መንገድ ይሞታል፤ በእሳት ወይም በመርዝ የተጐዳው ያብጥና ይፈነዳል፥ ከውስጡ የሚፈሰውም ጐረቤቶቹን ያቈስላል፤ አፖፕቶሲስ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጆን ኬር፥ አንድሩ ዋይሊና አላስቴር ከሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ሞት ለይተው ስም ባወጡለት ጊዜ በአጉሊ መነጽር ያዩት፥ ሕዋሱ ሲኰማተር፥ ኒውክሊየሱ ሲጠብቅና ሲቈራረጥ፥ በመጨረሻም መላው ሕዋስ በሽፋን ወደተጠቀለሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ሲከፋፈል ነው፤ እነዚህንም ቁርጥራጮች አጠገቡ ያሉት ሕዋሳት ወዲያው ውጠው ይፈጯቸዋል፥ ቍስልም ቢሆን መግልም ቢሆን አይታይም። ይህን ሥራ የሚሠሩት ካስፔዝ የተባሉ ፕሮቲን ቈራጭ ኢንዛይሞች ሲሆኑ፥ ቀድሞውኑ በሕዋሱ ውስጥ ተሠርተው ትእዛዝ እስኪደርሳቸው ታስረው ይጠባበቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕዋስ የመሞቻውን መሣሪያ በሆዱ ይዞ የሚኖር በመሆኑ፥ የሚጠየቀው ጥያቄ ያን መሣሪያ አስሮ የሚያኖረው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ለዕንቍላል ከረጢት መልሱ በአመዛኙ ሆርሞን ነው። የሞግዚቶቹ ሞት ለዕንቍላሏ ሕይወት የሚሆን ሞት ነበር፤ ሌላው ሞት ግን አትሪዥያ የሚባለው፥ ከረጢቱ ከነዕንቍላሉ የሚጠፋበት ነው። በአእምሮ ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የቀኑን ርዝመት፥ ሙቀቱንና የአካሉን ሁኔታ መዝኖ ለፒቱታሪ ዕጢ መልእክት ይልካል፤ ፒቱታሪም ኤፍ.ኤስ.ኤች.ን በደም ላይ ይልካል፤ ኤፍ.ኤስ.ኤች. በከረጢቱ ዙሪያ ያሉትን ሕዋሳት ባገኛቸው ጊዜ ይከፈላሉ፥ ኢስትሮጅንም ያመነጫሉ፤ ኢስትሮጅን ደግሞ ወደ ጉበት ሄዶ ቪቴሎጅኒን የተባለውን የአስኳል ፕሮቲን እንዲሠራ ያዝዘዋል፤ ይህም ፕሮቲን በደም ተመልሶ መጥቶ ወደ ዕንቍላሏ ይገባል። አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ዙር ርዝመት ልብ በል፤ የዕንቍላሉ ስንቅ የሚዘጋጀው በዕጢው ውስጥ ሳይሆን በጉበት ነው፥ የሚዘጋጀውም ከአእምሮ ሥር የተነሣው ቃል በሁለት ሦስት መልእክተኛ ተላልፎ ሲደርስ ነው። የአንዲትን እንሽላሊት ፒቱታሪ ዕጢ ያወጣ ሰው፥ አስኳል መሙላት የጀመሩት ከረጢቶች ሁሉ ወደ ሞት ሲመለሱ ያያል። ማንም አልነካቸውም፥ መርዝም አልገባባቸውም፤ ኑሩ የሚለው መልእክት ስለተቋረጠ ብቻ ይሞታሉ።

የሞተውም ከረጢት ቢሆን በአንድ ጊዜ አይወገድም። በዙሪያው የነበሩት ሕዋሳት ከፊሎቹ በአፖፕቶሲስ ሲረግፉ፥ የቀሩት አብጠው ወደ መካከል ይገቡና ቀድሞ ይጠብቁት የነበረውን አስኳል መብላት ይጀምራሉ፤ ቢጫው ከረጢት እየተጨማደደና እየጠቈረ ይሄዳል፥ በውስጡ የነበረውም ስብና ፕሮቲን ቀስ በቀስ ወደ እናቲቱ ደም ይመለሳል። በድርቅ ዓመት፥ ነፍሳት በጠፉበት ወራት፥ ይህ ለእናቲቱ የሚናቅ ስንቅ አይደለም።

ኤፍ.ኤስ.ኤች. የሞትና የሕይወት ዳኛ መሆኑን ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ ያሳየው ሙከራ፥ ባሪ ሲነርቮና ፖል ሊክት እ.ኤ.አ. በ1991 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ነው። ሙከራው የተደረገባት እንሽላሊት ዩታ ስታንስቡሪያና ትባላለች፤ በአሜሪካ ምዕራብ በድንጋያማ ስፍራ የምትኖር፥ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ መነሻ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትሆን፥ በአንድ ጊዜ አራት አምስት ዕንቍላል የምትጥል ትንሽ ፍጥረት ናት። ሁለቱ ሊቃውንት በአንድ ወገን አስኳል መሙላት ከጀመሩት ከረጢቶች አንዳንዶቹን በረቂቅ ቀዶ ሕክምና አጠፉ፤ የቀሩት ጥቂቶች የእናቲቱን ስንቅ ብቻቸውን ተካፍለው ከወትሮው የበለጡ ታላላቅ ዕንቍላሎች ሆኑ። በሌላው ወገን ደግሞ ኤፍ.ኤስ.ኤች.ን ወጉ፤ በዚህ ጊዜ በሥርዓቱ መሠረት ሊሞቱ ይገባቸው የነበሩ ከረጢቶች ሳይሞቱ ቀሩ፥ የዕንቍላሉም ቍጥር በዛ፤ ነገር ግን እናቲቱ የምታዋጣው ጠቅላላ ስንቅ በዚያው ልክ ስላልጨመረ እያንዳንዱ ዕንቍላል አነሰ።

በቆሎ ወይም ማሽላ የዘራ ገበሬ ቡቃያው ተጨናንቆ ሲያገኘው ሽልሻሎ አውጥቶ ከፊሉን እየነቀለ የቀረው ሥር እንዲሰድ ቦታ እንደሚያሰፋለት ሁሉ፥ የእንሽላሊቷም አካል ከረጢቶችን በሞት እያሳሳ የቀሩትን ያወፍራል፤ የእርሻው ገበሬ ግን በዓይኑ እያየ ሲሠራ፥ እዚህ ማረሻውን የያዘው በደም ውስጥ የሚገኘው የኤፍ.ኤስ.ኤች. መጠን ነው። መጠኑ ከፍ ሲል ብዙዎች ይተርፋሉ፤ ዝቅ ሲል ጥቂቶች። ማሳሳቱ ከልክ ሲያልፍም ቅጣቱ ፈጣን ነው፤ ከረጢቶቻቸው ከተቀነሱባቸው እናቶች አንዳንዶቹ የያዙት ዕንቍላል ከመጠን በላይ ገዝፎ በመውለጃቸው አጥንት መካከል አላልፍ ብሎ ቀርቷል። ስለዚህ የከረጢቶቹ ሞት ወደ ላይም ወደ ታችም ወሰን አለው፤ ከበዙ ልጆቹ ደቃቆች ሆነው ይወለዳሉ፥ ካነሱ ደግሞ እናቲቱ በምጥ ትያዛለች።

ሲነርቮ ይህን ሥራ በካሊፎርኒያ ከሎስ ባኞስ ከተማ አቅራቢያ ባለው ኮረብታ ላይ ለብዙ ዓመታት ቀጥሎበት፥ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ውጤት ነገሩን ከአንዲት እናት ወደ ሕዝብ ሁሉ አሻገረው። በዚያ ኮረብታ ላይ ጕሮሯቸው ብርቱካን ቀለም ያለው ሴቶች ብዙና ትናንሽ ዕንቍላል ሲጥሉ፥ ጕሮሯቸው ቢጫ የሆነው ጥቂትና ታላላቅ ይጥላሉ፤ የእንሽላሊቱ ቍጥር ባነሰበት ዓመት የብርቱካኖቹ ልጆች፥ ስፍራው በተጨናነቀበት ዓመት ደግሞ የቢጫዎቹ ልጆች ይበረታሉ። ብዙ ከረጢት የማትረፍና ጥቂቱን የማወፈር ልማድ ሁለቱም በአንድ አገር ጸንተው የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ነገር ለእንሽላሊት ብቻ የተነገረ አይደለም። በሰውም ዘንድ በየወሩ ብዙ ከረጢቶች ዕድገት ይጀምሩና፥ ኤፍ.ኤስ.ኤች. ዝቅ ሲል አንዱ ብቻ ቀርቶ ሌሎቹ ይሞታሉ፤ ልጅ ያጣች ሴት ወደ ሐኪም ሄዳ ይህን ሆርሞን በመርፌ ስትወስድ፥ የሚሞቱት ከረጢቶች በከፊል ተርፈው ብዙ ዕንቍላል በአንድ ጊዜ ሊገኝ የሚችለው፥ የዩታ እንሽላሊት በተጠቀመችበት በዚያው ሕግ ነው። መድኃኒቱ ከተገኘባቸው ምንጮች አንዱን ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ፤ የወር አበባቸው በተቋረጠ ሴቶች ደም ውስጥ፥ ዕጢያቸው መልስ መስጠቱን ስለተወ፥ ኤፍ.ኤስ.ኤች. ይበዛል፥ በሽንታቸውም ይወጣል፤ በመሆኑም በጣልያን አገር በገዳም ከሚኖሩ አረጋውያን መነኮሳይያት ሽንት እየተሰበሰበ መድኃኒቱ ተጣርቶ ወጣ፥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያም በእስራኤል አገር ልጅ ለማግኘት ተስፋ ቈርጠው ለነበሩ ሴቶች ተሰጥቶ ፍሬ አፈራ። በድንግልና የኖሩ እናቶች መካን ለተባሉት የልጅ ምክንያት መሆናቸው ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ከደም ውስጥ ነው፤ ትእዛዙ ግን ከውጭ፥ በዓይን በኩልም ይገባል። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የምትኖረው አረንጓዴዋ እንሽላሊት፥ አኖሊስ ካሮሊነንሲስ፥ ዕጢዎቿ በክረምት ወራት ተኝተው በጸደይ ይነሣሉ፤ በመውለጃዋም ወራት አንድ ጊዜ ከቀኝ፥ አንድ ጊዜ ከግራ ዕጢ፥ አንድ አንድ ዕንቍላል እያፈራረቀች፥ በአሥርና በአሥራ አራት ቀን መካከል ትጥላለች። ወንዱ ከጕሮሮው ሥር የታጠፈ ቀይ ቆዳ አለው፤ ሴቲቱን ሲያባብል ይህን ቆዳ ዘርግቶ ራሱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ዴቪድ ክሩስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች፥ ከክረምት እንቅልፋቸው የተቀሰቀሱ ሴቶች ይህን ማባበል የሚያደርግ ወንድ ባለበት ሲቀመጡ ዕጢያቸው ፈጥኖ እንደሚያድግ፥ ብቻቸውን ወይም ከተኰላሸ ወንድ ጋር ሲቀመጡ ግን እንደሚዘገይ አገኘ። ወንዶቹ ገና ተሰብስበው ግዛት ለመያዝ እርስ በርሳቸው በሚዋጉበት ስፍራ የተቀመጡት ሴቶች ግን ከረጢቶቻቸው ከማደግ ተከለከሉ፤ አስኳል መሙላት የጀመሩትም ወደ አትሪዥያ ተመለሱ።

በዚህ ውስጥ ያለውን ጥበብ ማስተዋል ይገባል። ሴቲቱ አልተደበደበችም፥ አልተራበችም፥ ሙቀቱና ብርሃኑም ለሁሉም አንድ ነበር፤ የተለየው ያየችው ነገር ብቻ ነው። ጠብ ባለበት ስፍራ ዕንቍላል መጣል ትርፍ እንደሌለው ዓይኗ ለአእምሮዋ፥ አእምሮዋ ለፒቱታሪዋ፥ ፒቱታሪዋ ለከረጢቶቿ አስተላለፈ፤ መጨረሻውም በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታይ የጥቃቅን ሕዋሳት ሞት ሆነ። የመረበሽና የጭንቀት ሆርሞኖችም የፒቱታሪን መልእክት እንደሚያዳክሙ በብዙ እንስሳት ታውቋል።

መልእክት የሚገዛው ሥርዓት ግን በሐሰተኛ መልእክት ይታለላል፤ ይህን ጉዳይ እንደ ቀላል የማላየውም ስለዚህ ነው። በአሜሪካ በፍሎሪዳ፥ አፖፕካ በሚባለው ሐይቅ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1980 ዲዲቲ የተቀላቀለበት ፀረ ተባይ ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ፈሰሰ፤ ሉዊስ ጊሌትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የሐይቁን ወጣት አሊጌተሮች፥ የአዞ ዘመዶችን፥ ሲመረምሩ፥ የሴቶቹ የኢስትሮጅን መጠን በንጹሕ ሐይቅ ካሉት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት፤ በዕጢያቸውም ውስጥ በአንድ ከረጢት አንድ ዕንቍላል በመገኘት ፈንታ ብዙ ዕንቍላሎች ተጨናንቀው ታዩ። ዲዲቲና ዘመዶቹ በአካል ውስጥ ሲገቡ ከፊሎቹ የኢስትሮጅንን ስፍራ ይይዛሉ፥ ከፊሎቹም ሌሎች ሆርሞኖችን ይዘጋሉ፤ ትሙት የተባለች ሕዋስ ትኖራለች፥ ትኑር የተባለችም ትሞታለች።

በአገራችን ወባን ለመከላከል ሲባል ለብዙ አሥርት ዓመታት ዲዲቲ በቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሯል፤ የብዙ ሰው ነፍስ በዚህ እንደዳነም መካድ አይቻልም። ቅሪቱ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ ተለክቶ ተገኝቷል። ነገር ግን በዚያው በተረጨው ግድግዳ ላይ የሚውሉት፥ በዚያው ግድግዳ ላይ ያረፈውን ነፍሳት የሚበሉት እንሽላሊቶች ናቸው፤ ዕጢያቸውም የአንዲት ባቄላ ያህል እንኳ ስለማይሆን ለማጥናት የሚጠይቀው አንድ ምላጭ፥ ጥቂት ቀለምና በየዩኒቨርሲቲያችን የሚገኝ አጉሊ መነጽር ነው። በባዮሎጂ ክፍል ያሉ ተማሪዎች የመመረቂያ ርእስ ሲያጡ፥ ከተረጨና ካልተረጨ መንደር የተገኙትን እንሽላሊቶች ከረጢት በየወራቱ ቈጥረው፥ ከእነዚህም ውስጥ ስንቱ በሞት መንገድ ላይ እንዳለ መዝግበው ቢያቀርቡልን፥ ስለ ግድግዳዎቻችንም ስለ ሐይቆቻችንም ዛሬ ከምናውቀው እጅግ የበዛ ነገር ይነግሩን ነበር።